ሐምራዊዋ እስክትደርስ

በየሰፈሩ አንድ «ትንሽ ይቀረዋል» አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሰፈሩ ራሱ ገና ትንሽ ይቀረዋል ማለት ነው። ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ኮቱን ለብሰኸው፣ መስታወት ፊት ቆመህ፣ ወደኸው ሳለ፣ እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ትከሻው ላይ ትንሽ ይቀረዋል» ይልና ከላይህ ገፎ ይወስድብሃል። ለሳኝም ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ውስጥ ገብተህ፣ ወልደህ ከብደህ ስትኖር አንድ ቀን ጄሶ በፌስታል ይዞ በርህን ያንኳኳል። አንዲት ጥግ ናት፣ እንቅልፍ የነሳችው። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ቢሆኑ ኖሮ ተሳድበን እንገላገል ነበር። የእነሱ ችግር ሌላው የማያየውን ማየታቸው ነው፤ የእኛ ችግር ደግሞ ቆመን መጠበቃችን።

አቃቂ ቃሊቲ በዚህ በኩል የታደለች ናት። የከተማው ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ መንገዱ ተቆፍሮ ሰው ሁሉ አቧራ ለብሶ ሥራ በሚገባበት፣ ቴሌቪዥኑም «ግንባታው ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» ማለት በማይደክመው በዚያ ዘመን፣ ክፍለ ከተማዋ የዘመኑን ታላቅ ትንሽ-ይቀረዋል አፍርታለች። ስሙ ክቡር ኢንጂነር ሮሪሳ ይባላል። ዩኒቨርሲቲው የሰጠው የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ ብቻ ነው። ኢንጂነርነቱን የሰጡት አከራዩ እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ መብራት በጠፋባቸው ቁጥር ከማድ ቤት ብቅ ብለው «ኢንጂነሩ ደግሞ ምን ነካካ?» እያሉ።

ይህን ሰው ከማንም በላይ የሚያውቀው፣ ከማንም በላይም የሚበሳጭበት ጓደኛው ዘካሪያስ ነው። ዘካሪያስ ሳሪስ አቦ አጠገብ ከአባቱ የተረከባት የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችው። እሱ ሱቅ ውስጥ ብርሃን ሥራውን የሚያውቅ ነገር ነው። ሰው መታወቂያውን ይሰጣል፣ ክዳኑ ይከደናል፣ ማሽኑ ብልጭ ይላል፣ አለቀ። ሮሪሳ ዘንድ ግን ብርሃን የሩቅ እንግዳ ነው። ከየት እንደመጣ፣ በየት በኩል እንዳለፈ፣ መንገድ ላይ ማን እንዳጎበጠው አንድ በአንድ ሳይጠይቅ አይሸኘውም።

የሮሪሳ መተዳደሪያ ያልተሠሩ ሕንጻዎችን ተሠርተው ያለቁ አስመስሎ በኮምፒዩተር መሥራት ነው። ባለቤቱ ፕላኑን ይሰጠዋል፤ እሱ መስኮቱን፣ በረንዳውን፣ ደጃፉ ላይ ቆማ የምትስቀውን ሴትዮ ሳይቀር ያወጣለታል። አንድ ጊዜ ወደ ገላን መውጫ ላይ ሊሠራ ለታሰበ ባለ መስታወት ሕንጻ ምስል ታዘዘ። መስታወቱ ላይ ያረፈው ሰማይ አልጥም አለው። እሱ ሰማዩን ሲያስተካክል፣ ደመናውን ሲያሳሳ፣ ሕንጻው ራሱ አለቀ። ተከራይ ገባበት፣ ከታች ሥጋ ቤት ተከፈተበት። ያን ጊዜ ሮሪሳ ምስሉን ይዞ ሄደና ከሕንጻው ፊት ቆሞ፣ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ሕንጻውን እያየ «መስታወታቸው ተሳስቷል» አለ።

ሰዓዳ የምትባል የሰፈር ልጅም የሠርጓን ቪዲዮ እንዲያቀናብርላት ሰጥታው ነበር። የጆሮ ጌጧ ብልጭታ ከካሜራው መብራት ጋር አልስማማ ብሎት ሲታገል ቆይቶ ቪዲዮውን ሲያስረክባት የበኩር ልጇ አፍ ፈትቷል። ልጁ እናቱ ኬክ ስትቆርስ አይቶ «የኔ ልደት ነው?» አለ አሉ።

ሻይ ቤት አብረውት ሲቀመጡማ ሌላ ነው። ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ ባዶውን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ያዘነብለውና ጠረጴዛው ላይ የምትወድቀውን ቀጭን የቀለም ክር ይፈልጋል። አስተናጋጇ ብርጭቆውን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ «ተዪው፣ ትንሽ ይቀረዋል» ይላታል። ልጅቷ ወደ ብርጭቆው ታያለች፤ ጠብታ የለበትም። ከዚያ ዘካሪያስን ታያለች። ዘካሪያስ ጣሪያውን ያያል።

እንዲህ ያለ ሰው ማግባት አልነበረበትም። ካገባም የመጀመሪያ ሚዜው ዘካሪያስ መሆን አልነበረበትም። ሁለቱም ሆነ።

ሙሽሪት ሳምራ ናት። ቃሊቲ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። የሐኪሞችን ጽሑፍ እያነበበች የምትውል ሴት ሮሪሳን ማንበብ አላቃታትም፤ ችግሩ አባቷ ጋ ነበር። ጋሽ ቢራ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሁሉ ፈገግ ይላል፤ እሳቸው ግን ቢራ ቀምሰው አያውቁም። በኦሮምኛ ቢራ ማለት ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚከፈትበት፣ ሜዳው በአደይ የሚበራበት ወቅት ነው። አባቶቻቸው ጤፍ ያጨዱበት መሬት ላይ ዛሬ መጋዘን ቆሟል፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ጨርሰዋል። ቀጠሮ ለእሳቸው እንደ ፍሬን ነው፤ ሲረገጥ መያዝ አለበት።

ሠርጉ ከቅበላ በፊት ላለው እሑድ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ሁዳዴ ይገባል፣ ጾም ውስጥ ደግሞ ሠርግ የለም፤ ቀኑ ካመለጠ ከፋሲካ ማዶ ነው። ድንኳኑ ተያዘ፣ ጌሾው ተወቀጠ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ተለካ። የቀረው የጥሪ ካርዱ ብቻ ነበር። ጤነኛ ሙሽራ ማተሚያ ቤት ይሄድና ከተዘጋጁት አንዱን ይመርጣል፤ ሁለት እርግብ ወይም ሁለት ቀለበት፣ ከሥሩ ስም። ሮሪሳ ግን «የራሴን ካርድ ራሴ ነኝ የምሠራው» አለ። ዘካሪያስ ይህን የሰማ ዕለት ምሳው አልወረደለትም።

ሐሳቡ ሲናገሩት ቀላል ነው። አንድ ቀለበት አለ፣ ቀለበቱ ላይ አልማዝ። ከአንድ ወገን ነጭ ብርሃን ይገባል፣ በሌላው ወገን ቀስተ ደመና ሆኖ ይወጣና «ሳምራና ሮሪሳ» በሚለው ጽሑፍ ላይ ይፈሳል። ሥዕል ቢሆን ኖሮ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ሮሪሳ ግን አልማዙ ብርሃኑን ራሱ እንዲበትነው ነው የፈለገው፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ እንደ እውነተኛው።

«ነጭ ብርሃን የሠርግ አጀብ ማለት ነው» ሲል ለዘካሪያስ አስረዳው። ሁለቱ የተቀመጡት በእትዬ አሰለፈች ግቢ ባለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ስክሪኑ ጠርቶ እንዲታየው መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዶታል። «ከሩቅ ስታየው አንድ ነው። ጠባዩ የሚለየው ድንጋዩ በር ላይ ሲደርስ ነው። ቀይዋ ችኩል ናት፣ እምብዛም ሳትታጠፍ አቋርጣ ትወጣለች። ሐምራዊዋ ደግሞ እንደ እትዬ አሰለፈች ናት። ሁሉን ሰላም ሳትል አታልፍም። ትዘገያለች፣ ትታጠፋለች፣ በሌላ በር ትወጣለች። ቀለም የሚበተነው ለዚህ ነው።»

«ኮምፒዩተርህ ይህን አያውቅም?»

«አያውቅም! ሁሉንም በአንድ በር ጭኖ በአንድ በር ነው የሚያራግፋቸው፤ እንደ ሃይገር አውቶቡስ። እኔ እያንዳንዷን ለብቻዋ እንዲልክ አደረግሁት።»

«ስንት ናቸው?»

«ስንት ትፈልጋለህ?» አለ ሮሪሳ፣ ዓይኑ በርቶ። ዘካሪያስ በመጠየቁ ተጸጸተ።

ምስሉ መጀመሪያ ሲወጣ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ከዳር እዳር ነጠብጣብ ነው። ኮምፒዩተሩ ጨረር በጨመረበት ቁጥር ነጠብጣቡ እየሟሟ፣ ድንጋዩ እየጠራ ይሄዳል። ሮሪሳ ይህን «መብሰል» ይለዋል። አልማዙንም «እሷ» ነው የሚላት። «እየበሰለች ነው» ይላል። ማራገቢያው የቃሊቲን ዳገት እንደያዘ ተሳቢ መኪና እያጓራ፣ እሷ ትበስላለች። እትዬ አሰለፈች ምድጃቸውን የሰኩ እንደሆነ ግን ቆጣሪው ጠቅ ብሎ ይወድቃል፣ ሁሉም ይጨልማል፣ እሷም ከጥሬዋ ትጀምራለች።

«የኔ ልጅ፣ ያንተ ይቅደም ወይስ የኔ ሽሮ?» ይሉታል በበሩ ብቅ ብለው።

«ሁለታችንም እያበሰልን ነው እኮ፣ እትዬ።»

እንዲህ እያለ ጥር አለቀ። አንድ ቀን ሳምራ ዘካሪያስ ሱቅ ደወለች።

«ዘኪ፣ እውነቱን ንገረኝ። ካርዱ አለ ወይስ የለም?»

«አለ። ማለት… እየበሰለ ነው።»

«አንተም ጀመርክ?» አለችና ዘጋችው።

ዘካሪያስ ስልኩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ጓደኛው አልማዝ ሲያበስል ሙሽራ ሊያመልጠው ነው፤ ሊቀ ሚዜው ደግሞ ቆሞ ያያል። በማግስቱ ሮሪሳ ውሃ ሊቀዳ ጀሪካን ይዞ ሲወጣ ፍላሹን ሰካና ምስሉን ከነጥሬው፣ ከነበርበሬው ገልብጦ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ወሰደው። ካርዶቹ ታተሙ። ታትመው ሲያያቸው ደነገጠ፤ ድንጋዩ ላይም፣ ስሞቹ ላይም፣ ዳርቻው ላይም ያ ነጠብጣብ ፈሷል። አሁን የቀረው ለሮሪሳ መንገር ነው። ካርቶኑን በብብቱ አቅፎ፣ በተቆፈረው መንገድ ላይ የሚናገረውን እየተለማመደ ወደ አቃቂ ሄደ።

ሲገባ ሮሪሳ ስልክ ላይ ነበር።

«አቤት ጋሼ… እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ… አይ፣ እሷማ ችግሯ ምን መሰለዎት? ገና አልበሰለችም።»

ዘካሪያስ በሩ ላይ ደረቀ። ሮሪሳ «ጋሼ» የሚለው ጋሽ ቢራን ብቻ ነው።

«ከውጭ ሲያዩዋት ታምራለች፤ አልዋሽዎትም። ውስጧ ግን ባዶ ነው። ብርሃን ሲያርፍባት እንኳ ምንም አትል፣ ዝም! እንዲህ ሆና ሰው ፊት ባቀርባት የሚሳቀው በእኔ ነው።»

«ድንጋዩ በል! ድንጋዩ!» አለ ዘካሪያስ በሹክሹክታ፣ ነፃ እጁን እያወናጨፈ።

ሮሪሳ ሰላምታ መስሎት አውራ ጣቱን አሳየው። «…ኧረ ተስፋስ አልቆረጥኩባትም ጋሼ። ትንሽ ነው የሚቀራት። እምቢ ካለችም አፍርሼ እንደ አዲስ እሠራታለሁ… ሃሎ? ሃሎ?» ስልኩን አየው። «ኔትወርክ» አለ።

«ኔትወርክ አይደለም! ምን ብለው ጠይቀውህ ነው?»

«"ሰፈርህ ደርሻለሁ፣ ሳምራ ተጨንቃለች፤ ምንድን ነው ችግሩ?" አሉኝ። ችግሩን ነገርኳቸው።» ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ደግሞ በጥሞና ነው ያዳመጡኝ። እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው አላየሁም።»

ዘካሪያስ ሳምራ ጋ ደወለ፤ አታነሳም። እንደገና ደወለ። ሦስተኛውን ሳይሞክር የግቢው በር በቡጢ ተመታ። ካርቶኑን በተረከዙ ገፍቶ አልጋው ሥር ከተተው።

ጋሽ ቢራ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ከኋላቸው ኦቦ ሰቦቃ አሉ፤ ሮሪሳ ሳምራን ሲያስጠይቅ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት፣ ቃል የገቡለት ሰው። ዛሬ ፊታቸው እንደ ተበዳሪ ዋስ ሆኗል።

«አልበሰለችም?» አሉ ጋሽ ቢራ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ገና ናት ጋሼ» አለ ሮሪሳ ከስክሪኑ ሳይነቀል። «ቁጭ ይበሉ፣ ላሳይዎት።»

«እኔን? የወለድኳትን ልጅ አንተ ልታሳየኝ?»

«ቢራ፣ ቀስ» አሉ ኦቦ ሰቦቃ፣ ክንዳቸውን ይዘው።

«ምን ቀስ አለ? ውስጧ ባዶ ነው አለኝ እኮ! አፍርሼ እንደ አዲስ እሠራታለሁ አለኝ! ማን ነኝ ብለህ ነው አንተ? ፈጣሪ ነህ?»

ሮሪሳ ወንበሩን አዞረ። ነገሩ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲወጣ ዘካሪያስ አየው፤ መጀመሪያ ቅንድቡ፣ ከዚያ አፉ፣ በመጨረሻ ጆሮው ሳይቀር ቀላ። «ጋሼ! በስመ አብ! እኔ እኮ ስለ አልማዝ ነው የማወራው!»

«አልማዝ ደግሞ ማናት?»

ልክ በዚህ ሰዓት አባቷን ተከትላ የመጣችው ሳምራ የፋርማሲውን ነጭ ጋዋን እንደለበሰች እየሮጠች ገባች። በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና «አዎ፣ አልማዝ ማናት?» አለች።

ዘካሪያስ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ እንደ ተዘጋ ቧንቧ የሚያጉረመርም ድምፅ አወጣ። ኦቦ ሰቦቃ ገላመጡት። ሮሪሳ ስክሪኑን ወደ እንግዶቹ አዞረው። በነጠብጣብ የተሸፈነች ድንጋይ እዚያ ተቀምጣለች።

ኦቦ ሰቦቃ ጎንበስ ብለው መረመሩ። «በረዶ ነው?»

«አልማዝ ነው፣ አባቴ። የካርዱ አልማዝ።»

«ያልበሰለችው ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

ጋሽ ቢራ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አቧራውን አራገፉ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። የተቆጡበት ነገር ድንገት ከእጃቸው ሲያመልጥ ሌላ የሚጨብጡት የፈለጉ ይመስላሉ። አገኙትም።

«እሺ። ልጄን አልሰደብካትም» አሉ ዝግ ብለው። «ያስቀደምከው ግን ይቺን ነው። ዘመድ አልተጠራም። ሁዳዴ በር ላይ ነው። ዛሬ ካርዱን እጄ ላይ ታስጨብጠኛለህ፤ ያለዚያ ድንኳኑን አስመልሼ ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን። ያን ጊዜም የምንነጋገር ከሆነ።»

ሁሉም ሮሪሳን አዩት። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግበት። «እሺ» ማለት ብቻ። ዘካሪያስ ከልቡ ጸለየለት። ሮሪሳ ሳምራን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ትንሽ…»

«ጨርሰው እንጂ!» አለች ሳምራ። «"ትንሽ ይቀረዋል" በላ! አባዬም ይስማህ!» የቃል ኪዳን ቀለበቷን ከጣቷ አወለቀችና ኪቦርዱ ላይ ቁጭ አደረገችው። «እኔ ቆንጆ ካርድ አልጠየቅሁህም፣ ሮሪ። ነይ እንድትለኝ ነው የጠበቅሁት። ሲበስልልህ ጥራኝ።»

ዘካሪያስ ይኼኔ ነው ካርቶኑን ማውጣት የነበረበት። እግሩን አንቀሳቀሰ። ግን ከማድ ቤት በኩል ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ አሰለፈች ምድጃቸውን ሰክተዋል።

ማራገቢያው ተንፍሶ ዝም አለ። ስክሪኑ ሞተ። የተጋረደችው ክፍል ጨለማ ሆነች። ጣሪያው ላይ ምስማር ተነቅሎ የሄደባት አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ ክረምት ክረምት ከሥሯ ጣሳ የሚደቀንላት። በእሷ በኩል የከሰዓቱ ፀሐይ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ወረደ። ጨረሩ ውስጥ የባቡሩ መንገድ አቧራ ወርቅ ሆኖ ተንሳፈፈ። መርፌው ኪቦርዱ ላይ፣ በቀለበቱ ድንጋይ ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ ድንጋዩ ተናገረ። በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ፣ በኦቦ ሰቦቃ ከዘራ ላይ፣ በጋሽ ቢራ መላጣ ላይ ትንንሽ ቀለሞች ተበተኑ። ቀይዋ እንደ ልማዷ ቀድማ በሩ አጠገብ ቆማለች። ብርቱካናማዋ፣ አረንጓዴዋ፣ ሰማያዊዋ ተከታትለው ተሰልፈዋል። ሐምራዊዋ ከሁሉም ርቃ ሄዳ የሳምራ ነጭ ጋዋን እጅጌ ላይ አርፋለች፤ ሳምራ እጇን ስታነሳ አብራት ከፍ አለች። ዘካሪያስ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ነገር ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ ብርሃን ቁጭ ብሎ ሲያወጋ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

«ብርሃን አብዝቼባት ነው» አለ ሮሪሳ ቀስ ብሎ። «ክፍሏን በአራቱም በኩል መብራት በመብራት አድርጌባት፣ ቀለሙ እርስ በርሱ እየተዋጠ… ያስፈለጋት ጨለማ ነበር። ጨለማና አንዲት ቀዳዳ።»

ጋሽ ቢራ ጎንበስ አሉ። «እውነተኛ አልማዝ ነው?» አሉ ወደ ቀለበቱ እያመለከቱ።

«የውሸት ነው ጋሼ» አለ ሮሪሳ። ዘካሪያስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። «ቀለም በመበተን ግን ከእውነተኛው ትበልጣለች።»

ሳምራ ሳቀች፤ እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ እያለ። አባቷም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ሮሪሳ ግን ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ።

«አሁን ገባኝ! መብራቱ ይምጣና ከመጀመሪያው እጀምራታለሁ!»

«አይሆንም!» አሉ አራቱም በአንድ አፍ። እትዬ አሰለፈች እንኳ ከማድ ቤት «ምን ሆናችሁ?» ብለው ተጣሩ።

ዘካሪያስ ተንበርክኮ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎተተው። ልምምድ ያደረገበት ንግግር ሁሉ ጠፍቶት አንዱን ካርድ ብቻ ለጓደኛው ዘረጋለት። ሮሪሳ ካርዱን ወደ ጨረሩ አስጠጋው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ጥሬዋን?»

«ጥሬዋን።»

«ዘኪ…»

ጋሽ ቢራ ካርዱን ከእጁ ነጠቁት። አገላበጡት። አውራ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ነጠብጣቡን ፈተግ ፈተግ አደረጉት። ጣታቸውን አዩት። «ብልጭልጩ አይለቅም!» አሉ በአድናቆት።

ኦቦ ሰቦቃም በጥፍራቸው ሞከሩ። «የውጭ ወረቀት ነው» ሲሉ ፈረዱ።

«ያ እኮ ብልጭልጭ አይደለም፣ ነጠብ…» ሲል ሮሪሳ፣ ዘካሪያስ እግሩን ረገጠው።

ሳምራ አንድ ካርድ አንስታ ስሟን አነበበች። ስሟ ላይ የፈሰሰውን አየች። ከዚያ ቀለበቷን ከኪቦርዱ አንስታ ጣቷ ላይ መለሰች። «ቆንጆ ነው» አለች። «ሮሪ፣ አንተም ቆንጆ ነው በል።»

ሮሪሳ ሳምራ የያዘችውን ካርድ አየ። «ቆንጆ ነው» አለ። «ትንሽ…» አራት ጥንድ ዓይን ተተከለበት። «…ቆንጆ ነው።»

ካርዱ በየአቅጣጫው ተበተነ። ሠርጉም በቀኑ ሆነ። እንግዳው ሁሉ ካርዱን በጣቱ ፈትጎ እንዳልለቀቀለት መስክሯል፤ ድንኳኑ ውስጥ «የት አሳተማችሁት?» ሲባል ሙሽራው ጥያቄውን ወደ ሚዜው ይመራ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ማተሚያ ቤቱ «ያ የማይለቀው ብልጭልጭ» የሚል ትእዛዝ እየጎረፈለት ምን ብሎ እንደሚመልስ ጠፍቶት ነበር ይባላል። ሮሪሳም ቆይቶ ያችኑ አልማዝ በጨለማና በአንዲት ቀዳዳ አብስሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለማንም የማትላክ አንዲት ካርድ አሳትሞ ዘካሪያስ ሱቅ ይዞለት መጣ። ዘካሪያስ ያን ዕለት የፎቶ ኮፒውን ክዳን መክደን ረስቶ ሰልፈኛ ሲያጉረመርምበት ቆየ።

ባቡሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ዘካሪያስም ተራው ደረሰ። እጮኛው አደሴ ትባላለች፤ ቆራጥ ልጅ ናት፣ ነገር ሲንጠለጠል አትወድም። አንድ ከሰዓት ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ ሠርጋቸው ሲያወሩ ካርዱን ማን እንደሚሠራ ጠየቀችው።

«ሮሪሳ ጋ ሰጠሁት።»

አደሴ ሻይዋን አስቀመጠች። «ያ ሰውዬ? አማቱን ያልበሰለች ልጅ አለችዎት ያለው?»

«እሱ ነው።»

«ዘኪ፣ በቀኑ ያደርሰዋል?»

«ለዚህ እኮ ነው ቀን ሳንቆርጥ የሰጠሁት» አለ ዘካሪያስ። ሲናገር ወደ እሷ አልነበረም የሚያየው። ባዶ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ፣ ጠረጴዛው ላይ የወደቀችውን ቀጭን ክር አጎንብሶ እየመረመረ ነው። ቀይዋ ደርሳለች። ቢጫዋም አለች። ጫፏ ላይ ግን አንዲት ትጎድላለች፤ የሆነ ቦታ ቆማ ሰው ሰላም እያለች መሆን አለበት። ብርጭቆውን በጣም ቀስ አድርጎ አዞረው።

አስተናጋጇ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አላት ዘካሪያስ፣ ቀና ሳይል። «ትንሽ ይቀረዋል።»